የአውሮፕላን ሞተር አየር ላይ ሲጠፋ፡ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄዎች

ዘመድ በረራ ባለው ሳምንት ስልኬ እረፍት የለውም። አንዱ ከክንፉ ስር እሳት የሚተፋ አውሮፕላን ቪዲዮ በቴሌግራም ይልክና "አየኸው ይሄን?" ይለኛል፣ ሌላዋ ደውላ "ስንት ሞተር ነው ያለው የማዘር አውሮፕላን?" ትለኛለች። እኔ ፓይለትም ሜካኒክም አይደለሁም፣ የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ቁጭ ብዬ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ (ባለቤቴ በሽታ ነው ትለዋለች)። ጥያቄዎቹ ሁሌ ተመሳሳይ ስለሆኑ አንዴ ጽፌያቸው ልገላገል። ቀኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ በኛ ስጽፍ እናገራለሁ።

አንድ ሞተር ከጠፋ አውሮፕላኑ ይወድቃል እንዴ?

አይወድቅም። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በአንዱ መነሳቱን ይጨርሳል፣ ከፍታ ይወጣል፣ ይበራል፣ ያርፋል፣ ይሄን በፈተና ሳያሳይ ሰው እንዲጭን ፈቃድ አይሰጠውም። ድሮ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ሶስት አራት ሞተር ያስፈልግ ነበር፣ አሁን ግን ቦይንግ 787ም ኤርባስ ኤ350ም ሁለት ሁለት ሞተር ይዘው ነው አትላንቲክን የሚሻገሩት፣ ያን የሚፈቅደው ደሞ ኢቶፕስ የሚባለው ፈቃድ ነው። ኢቶፕስ 180 ማለት መንገዱ ላይ የትም ቦታ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ሞተር በ180 ደቂቃ ውስጥ ማረፊያ ይደርሳል ማለት ነው፣ 787 እስከ 330፣ ኤ350 ደሞ እስከ 370 ደቂቃ ተፈቅዶለታል።

ፈቃዱ እንዲሁ በእምነት አይሰጥም። በአሜሪካ ህግ ለ180 ደቂቃ የዛ አይነት ሞተር አየር ላይ የሚጠፋበት መጠን በ1,000 የሞተር ሰዓት ከ0.02 መብለጥ የለበትም፣ በቀላሉ ሲነገር በ50,000 ሰዓት አንዴ ማለት ነው። እና ይሄ ቁጥር ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? እያንዳንዱ የጠፋ ሞተር፣ ማንም ሳይጎዳ በሰላም ያረፈው ሁሉ፣ ተጽፎ ስለሚላክ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለቱም ቢጠፉስ?

ያኔም እንደ ድንጋይ ዝቅ አይልም፣ ክንፉ ስላለ ይንሸራተታል፣ ጥያቄው ከምን ያህል ከፍታ ላይ ነው የጀመረው የሚለው ነው። ነሐሴ 24 ቀን 2001 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን 306 ሰው ይዞ ይሄድ የነበረ የኤር ትራንሳት ኤርባስ ኤ330 አትላንቲክ ላይ ነዳጁ ፈሶ አለቀበትና ሁለቱም ሞተር ጠፋ፣ ከዛ በኋላ ለ19 ደቂቃ ገደማ ያለ ሞተር ተንሸራቶ አዞረስ ደሴት ላይ አረፈ፣ ሁሉም ተረፉ። መነሻው ምን ነበር? ሞተሩ ሲቀየር ከአዲሱ ጋር የማይገጥም የሃይድሮሊክ ቧንቧ ተገጥሞ ከነዳጅ ቧንቧው ጋር እየተፋተገ ቀደደው።

ከፍታ ከሌለ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጥር 15 ቀን 2009 ኒውዮርክ ላይ ዝይ ገብቶበት ሁለቱም ሞተር የሞተበት ኤ320 ከተመታ በኋላ የነበረው ጊዜ ሶስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፣ ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፣ 155ቱም ወጡ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የኛን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም፦ መስከረም 5 ቀን 1981 በኛ አቆጣጠር፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በባህር ዳር በኩል ወደ አስመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባህር ዳር እንደተነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ቀልድ የመሰላችሁ ካላችሁ አይደለም፣ ርግብ ነው። አንደኛው ሞተር ወዲያው ጉልበት አጣ፣ ሁለተኛው ደሞ ሊመለስ ሲዞር፣ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘና ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ስለዚ ኤርፖርት አካባቢ ቆሻሻ መጣያ አይኑር፣ ወፍ የሚስብ ነገር ይወገድ ሲባል ለውበት አይደለም።

ከሞተሩ "ቧ" ብሎ እሳት ሲወጣ በመስኮት አየሁ፣ እየነደደ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ኮምፕረሰር ስቶል ወይም ሰርጅ ይሉታል፣ በሞተሩ ውስጥ ወደ ኋላ መሄድ ያለበት አየር ይረበሽና ወደ ፊት ይመለሳል፣ ያኔ እንደ መድፍ ይጮሃል፣ ከፊት ወይም ከኋላ ነበልባል ይወረወራል። ማታ ከሆነ ደሞ ሰማዩን ነው የሚያበራው፣ ሰው "ጌታ ሆይ" ቢል አይፈረድበትም። የቲክቶክ ቪዲዮዎቹ ብዙዎቹ ይሄው ናቸው። እውነተኛ የሞተር እሳት ሲሆን ኮክፒት ውስጥ ደወል ይጮሃል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ፓይለቶቹ ወደዛ ሞተር የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋሉ፣ ከዛ ማጥፊያ ጋዝ ይለቃሉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ ለምን መሃል ላይ እንቆማለን? ስንመለስ እኮ ቀጥታ ነው።

ይሄን ጥያቄ ስወደው! ሎሜ (ቶጎ) ወይ ዱብሊን (ቦታው በየጊዜው ይቀያየራል) አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነዳጅ ሲቀዳ የጠበቀ ሰው ሁሉ ጠይቆኛል፣ "የነዳጅ ዋጋ ረክሶ ነው?" ያለኝም አለ። ነገሩ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ በስስ አየር ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። እና ክብደት ሲሰላ የሚሰላው ሁለቱም ሞተር እየሰራ ነው ተብሎ አይደለም፣ ልክ በክፉው ሰዓት አንዱ ይጠፋል ተብሎ ነው። ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ፣ ከሱ በታች ሞተር ከጠፋ ፍሬን ይያዛል፣ ካለፈው ግን ራንዌዩ ስለማይበቃ መነሳት ግዴታ ነው፣ በአንድ ሞተር ተነስቶ ደሞ ተራራውን ማለፍ አለበት። እንጦጦን አስቡት። ስለዚ ለ13 እና 14 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ሰው ጋር ጭኖ ከቦሌ መነሳት ሂሳቡ አይወጣም፣ ዋሽንግተን ግን ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ ስላላለች ስትመለሱ ቀጥታ ነው። በአጭሩ አንድም ቀን ላያጋጥም ለሚችል የሞተር መጥፋት ተብሎ ነው ሎሜ ላይ የምትቆሙት።

ሞተር ሲጠፋ ፓይለቶቹ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?

የሚገርመው፣ ብዙም አይጣደፉም። ስልጠናው መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብር ነው የሚለው፣ አፍንጫውን ያዝ፣ አቅጣጫ ያዝ፣ ትንሽ ከፍታ ያዝ፣ ከዛ በኋላ ነው የትኛው ሞተር ነው የተበላሸው የሚለው፣ አንዱ ያነባል ሌላው ያረጋግጣል፣ ሁለቱም ሳይስማሙ ማንም እጁን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አያደርግም። ታወር ላይ "ሜይዴይ" ወይም ቀለል ካለ "ፓን ፓን" ይባላል፣ ትራንስፖንደሩ (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሳሪያ) ላይ 7700 የሚለው የአደጋ ኮድ ይሞላል።

አለመጣደፍ ለምን አስፈለገ ካላችሁ ደህናውን ሞተር የማጥፋት ታሪክ ስላለ ነው። የካቲት 4 ቀን 2015 ታይፔ ላይ የትራንስኤሺያ ኤቲአር 72 ገና እንደተነሳ ሁለተኛው ሞተር ጉልበት አጣ፣ ካፒቴኑ ግን አንደኛውን፣ ደህናውን፣ ዘጋው። 58 ሰው ነበር፣ 43ቱ ሞቱ። ጥር 8 ቀን 1989 እንግሊዝ ኬግዎርዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፣ የብሪቲሽ ሚድላንድ አዲስ 737-400 የግራ ሞተሩ ብሌድ (ፊቱ ላይ ከሚዞሩት ምላጮች አንዱ) ተሰብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ፓይለቶቹ የቀኙን አጠፉ። ክፋቱ የቀኙን ሲያጠፉ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፣ ጭሱም ቀነሰ፣ በቃ ልክ ነን ብለው አመኑ። ሊያርፉ ሲሉ የግራው ጨርሶ ሞተ። 126 ሰው፣ 47 ሙታን። በነዚህ ሁለት አደጋዎች የተበላሸው ሞተር ብቻውን ማንንም ባልገደለ ነበር።

"ሞተሩ ጠፋ" እና "ሞተሩ ፈነዳ" አንድ ነው?

አይደለም፣ ለመርማሪዎቹ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ውስጡ የተሰበረው ነገር በሞተሩ ቤት ውስጥ ከቀረ ወይም በጭስ መውጫው ከወጣ ሞተር ተበላሸ ይባላል። ቁራጩ ግድግዳውን ቀዶ በጎን ከወጣ ግን ጥይት ማለት ነው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ አዲስ ሞዴል ሲፈተን በሙሉ ፍጥነት እየዞረ አንዱ የፋን ብሌድ ሆን ተብሎ በፈንጂ ይቆረጣል፣ የሞተሩ ቤት ብሌዱን ይዞ ማስቀረት አለበት። ብሌድን ይይዛል፣ ከባዱን የተርባይን ዲስክ (ብሌዶቹ የሚሰኩበትን ክብ ብረት) ግን የሚይዝ ግድግዳ የለም፣ ዲስክ እንዳይሰበር ነው የሚጸለየው፣ ማለቴ የሚመረመረው።

ህዳር 4 ቀን 2010 የሆነው ይሄ ነው። የኳንታስ ኤ380 ከሲንጋፖር 469 ሰው ይዞ ተነስቶ የኢንዶኔዥያዋ ባታም ደሴት በላይ ሲደርስ ሁለተኛው ሞተር ውስጥ ዲስክ ፈንድቶ ክንፉን በሳው፣ ሽቦዎች ተቆረጡ፣ ካረፉ በኋላ እንኳ አንደኛው ሞተር አልጠፋ ብሎ የእሳት አደጋ ሰዎች ለ3 ሰዓት ገደማ ውሃ ሲረጩበት ነበር። ሰው አልተጎዳም። ምክንያቱ አንዲት አጭር የዘይት ቧንቧ ናት፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲቦረቦር መሃሉን ስቶ አንድ ጎኑ ቀጥኖ ቀረ፣ ተሰነጠቀ፣ ዘይት ፈሰሰ፣ ነደደ።

ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው? አየር መንገዱ ቢደብቀውስ?

መደበቅ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ወሬው በብዙ በር ነው የሚወጣው። ፓይለቱ ቴክ ሎግ (የአውሮፕላኑ የብልሽት መዝገብ) ላይ ይጽፋል፣ አየር መንገዱ ለአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ይልካል፣ የሞተሩ ፋብሪካም ይነገረዋል። አውሮፓ ውስጥ ሰራተኛው በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። አሜሪካ ሞተር አየር ላይ ከጠፋ ለኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ይጻፋል፣ ያ መዝገብ ደሞ ለማንም ክፍት ነው፣ ቁጭ ብላችሁ መፈለግ ትችላላችሁ (አታድርጉት፣ ከበረራ በፊት በተለይ)። የተሰበረ ነገር ከጭስ መውጫው ውጪ በሌላ በኩል ከወጣ ግን ጉዳዩ ወዲያውኑ ለኤንቲኤስቢ (የአሜሪካ የአደጋ መርማሪ) መነገር አለበት፣ ማንም ባይጎዳም።

ሪፖርት መላኩ ብቻ ግን አያድንም፣ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ነሐሴ 27 ቀን 2016 የሳውዝዌስት 737 የግራ ሞተሩ ብሌድ በድካም ተሰብሮ ፔንሳኮላ አረፈ፣ ማንም አልሞተም። ሪፖርት ተደረገ፣ ተመረመረ፣ ፋብሪካው ብሌዶች እንዲፈተሹ መከረ፣ ኤፍኤኤ ግዴታ ለማድረግ ረቂቅ አዘጋጅቶ ገና ሳያጸድቀው ሚያዝያ 17 ቀን 2018 መጣ። ያው አየር መንገድ፣ ያው የሞተር አይነት፣ ከኒውዮርክ ወደ ዳላስ። ከ32,000 በላይ በረራ የሰራ ብሌድ ከስሩ ተሰበረ፣ የሞተሩ የውጪ ሽፋን ተገነጠለና ቁራጩ መስኮት ሰበረ፣ አንዲት መንገደኛ ሞተች። ከሶስት ቀን በኋላ ኤፍኤኤ 30,000 በረራ ያለፉ ሞተሮች በ20 ቀን ውስጥ በአልትራሳውንድ ይፈተሹ ብሎ አዘዘ። ሶስት ቀን! ሃያ ወር ገደማ የተጓተተው ነገር።

ማን ነው የሚመረምረው?

ደንቡ የኢካኦ (የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) አኔክስ 13 ነው። አደጋው የደረሰበት አገር ይመራል፣ አውሮፕላኑ የተመዘገበበት፣ የአየር መንገዱ፣ አውሮፕላኑንና ሞተሩን የነደፈው እና የሰራው አገር ተወካይ ይልካሉ። ስለዚ ቦይንግ ከሆነ አሜሪካኖቹ ሁሌ አሉበት፣ ሮልስ ሮይስ ሞተር ከሆነ እንግሊዞቹ ይመጣሉ። የአደጋው አገር ለሌላ አገር ማስተላለፍም ይችላል፣ የኳንታሱን ኢንዶኔዥያ ለአውስትራሊያ ነው የሰጠችው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 (በኛ) የወደቀው ኢቲ 302 የሞተር ችግር አልነበረም፣ አሁንም የሚሳሳት ስላለ ልናገረው፣ ኤምካስ የሚባለው የቦይንግ ሶፍትዌር በተበላሸ ሴንሰር ተታሎ አፍንጫውን ወደ ታች እየገፋ ነው 157 ሰው ያለቀው። ግን አሰራሩን ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው። ምርመራውን የመራው የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ነው፣ ብላክ ቦክሱ ፓሪስ ቢኢኤ (የፈረንሳይ መርማሪ) ጋ ተነበበ፣ የመጨረሻው ሪፖርት ታህሳስ 2022 ሲወጣ አሜሪካና ፈረንሳይ የፓይለቶቹ አያያዝ በደንብ አልታየም ብለው የራሳቸውን አስተያየት አወጡ። መርማሪዎች ሁሌ አይስማሙም ማለት ነው፣ አለመስማማታቸው ግን ተጽፎ ይወጣል።

ለምን ይሄን ያህል ይቆያል?

የመጀመሪያው ሪፖርት በ30 ቀን፣ የመጨረሻው ቢቻል በ12 ወር ነው የሚለው ደንቡ፣ ካልተቻለ በየዓመቱ የት እንደደረሰ ይነገራል። የመጀመሪያው የሆነውን እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም፣ ሰው ግን እሱን አንብቦ ይፈርዳል። አየር መንገዶችስ "በቴክኒክ ችግር" ብቻ ብለው ለምን ያልፋሉ? እኔም አንዴ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ አውርደውን አራት ሰዓት ሙሉ "ቴክኒካል ነው" ብቻ ሲሉን ተናድጄ ነበር (ስማቸውን ልተወው)፣ ብዙ ጊዜ ግን በዛ ሰዓት እነሱም አያውቁትም።

ብላክ ቦክሱ ሁሉንም ይነግር የለ?

የለም። በመጀመሪያ ብርቱካናማ ነው። ሁለት ነው፣ አንዱ የበረራውን ቁጥሮች 25 ሰዓት ይይዛል፣ ሌላው የኮክፒት ድምጽ፣ ብዙዎቹ ላይ የመጨረሻውን 2 ሰዓት ብቻ። ውቅያኖስ ላይ ሞተር ጠፍቶ 3 ሰዓት በርሮ ያረፈ አውሮፕላን ላይ ዋናው ወሬ በራሱ ላይ ተቀድቶበት ይጠፋል፣ ለዛ ነው አሁን ድምጹም 25 ሰዓት ይሁን እየተባለ ያለው። ኤሌክትሪክ ከሌለ ደሞ አይቀዳም፦ ታህሳስ 29 ቀን 2024 ደቡብ ኮሪያ ሙአን ላይ 179 ሰው የሞተበት የጄጁ ኤር 737፣ ወፍ ከመታው በኋላ ሁለቱም መቅጃዎች የመጨረሻዎቹን 4 ደቂቃ ገደማ አልያዙም።

የተሰበረው ቁራጭ ጠፍቶ ቢቀርስ?

ይፈልጉታል። በረዶ ውስጥም ቢሆን! መስከረም 30 ቀን 2017 የኤር ፍራንስ ኤ380 ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ግሪንላንድ ላይ አራተኛው ሞተር ፊቱ በሙሉ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ካናዳ ጉስ ቤይ በሰላም አረፉ። መርማሪዎቹ የፈለጉት ብሌዶቹን የሚይዘውን የመሃሉን ቲታኒየም ነበር፣ እሱ ደሞ የበረዶ ግግር ላይ ነው ያለው፣ በየዓመቱ በረዶ ይጨመርበታል። በራዳር አውሮፕላን ፈለጉ፣ አጡ፣ ተመልሰው ሄዱ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል 2019 ክረምት ላይ (ማለቴ በነሱ በጋ) 4 ሜትር ገደማ ቆፍረው አወጡት። ላብራቶሪ ሲገባ ስንጥቁ የጀመረው ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ነው፣ ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰራ ጀምሮ በነበረ በአይን የማይታይ የብረቱ ቅንጣቶች አቀማመጥ ምክንያት። በላዩ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ የትኛውም ሜካኒክ በባትሪ አይቶ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ያ ቁራጭ እዛው ቢቀር ኖሮ ሰው ሁሉ "ጥገናው ነው" ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ሜካኒኩ ወይስ ፓይለቱ ይታሰራል?

በአኔክስ 13 የምርመራው ዓላማ እንዳይደገም ማድረግ ነው፣ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። ፖሊስና ፍርድ ቤት የራሳቸው መንገድ አላቸው፣ አንዳንድ አገር ይገባሉ። ግን ሜካኒኩ ያችን ቦሎን መርሳቱን ቢናገር እንደሚታሰር ካወቀ አይናገርም፣ ያኔ የ50,000 ሰዓቱ ሂሳብ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ቀበቶ፣ ሻንጣ አለማውረድ፣ የሚባለውን መስማት። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ከሆነ ከቲክቶክ በፊት ለመርማሪዎቹ ስጡ፣ ይጠቅማቸዋል።

አንድ ነገር ደሞ አለ። ኬግዎርዝ ላይ ካፒቴኑ በስፒከር የቀኙ ሞተር ችግር ነበረበት፣ አጥፍተነዋል ሲል በግራ መስኮት እሳት ያዩ መንገደኞች ነበሩ፣ ካቢን ውስጥ የሚሰሩትም ያዩ ነበሩ። የግራ ነው እኮ ብሎ ለኮክፒት የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚ ያያችሁትን ለሆስተሷ ንገሯት፣ ሞኝ መስላችሁ ብትታዩም ንገሯት፣ በግራ ይሁን በቀኝ መናገር እንዳትረሱ ብቻ።